ግድግዳው እንግዳውን ሲያይ ፈቃድ የሚጠይቀው ማነው?



ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን ለዑምራ ይዤ ስጓዝ በአንድ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሸጋገሪያ ጥቂት ሰዓታት ቆየን። የዙሁር ወቅት በመድረሱ እናቴ ውዱእ ልታደርግ ወደ ሴቶች መታጠቢያ ገባች። እኔ ሻንጣውን ይዤ በር ላይ እጠብቃለሁ። ብዙ ቆይታ ስትወጣ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ተሰብስቧል፤ እጇ ግን ደረቅ ነው።

«ምነው እማ፣ ውኃ የለም እንዴ?» አልኳት።

«ውኃስ አለ። እኔን ነው ያላወቀኝ» አለችኝ። «የሚከፈት ነገር የለውም። ሌሎቹ እጃቸውን ሲዘረጉ ይወርድላቸዋል፤ እኔ ስዘረጋ ጸጥ ይላል። ሰው ሲያየኝ አፈርኩና ወጣሁ።»

በመጨረሻ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በምልክት አሳይታት ውዱእ አድርጋ ሰገደች። ነገሩ በዚህ አለቀ። እኔ ግን «እኔን ነው ያላወቀኝ» የሚለው ቃሏ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ከወንዝም ከጉድጓድም ውኃ ቀድታ ዕድሜዋን ሙሉ ውዱእ ስታደርግ የኖረችን ሴት በውኃ ፊት ቆማ እንድታፍር ያደረጋት ምንድን ነው?

የቧንቧው አሠራር አስማት የለበትም። ሴንሰር የሚባለው ዳሳሽ መሣሪያ ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ይለቃል፤ ብርሃኑ በእጅ ላይ ነጥሮ ሲመለስ መሣሪያው «ሰው መጣ» ብሎ ውኃውን ይከፍታል። ጥቁር ነገር ብርሃንን የሚመልሰው ከነጭ ባነሰ መጠን በመሆኑ፣ መሣሪያው በጥንቃቄ ካልተሠራና ካልተፈተነ የሚሳሳተው በጥቁሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ለነጭ እጅ ሳሙና የሚሰጥ፣ ለጥቁር እጅ ግን የሚነፍግ ዕቃ የሚያሳይ አንድ አጭር ፊልም ዓለምን ማነጋገሩ ይታወሳል። በእናቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው ብዬ አልከራከርም፤ ምናልባት እጇን ያስቀመጠችው ከብርሃኑ ርቆ ይሆናል። ነገር ግን ቧንቧው ምን እንደሚፈልግ አልነገራትም። ጥፋቱም የእርሷ መስሎ ታያት።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ከእህቴ ልጅ ጋር ያደረግነው ጭውውት ነው። ወጣቱ በኮምፒዩተር ሙያ የተመረቀ ሲሆን የሚሠራው ግን ብዙዎቻችን የምናውቀውን የስክሪን ሥራ አይደለም። እርሱና ጓደኞቹ የሚሠሩት ክፍሉን ራሱን ነው። ወለሉ ሲረገጥ ብርሃን ይሰጣል፤ ሰው ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ድምፅ ይሰማል፤ ዕቃው ሲነሳ ታሪኩን ይናገራል። በውጭ አገር በሙዚየሞች፣ በገበያ አዳራሾችና በጣቢያዎች የተስፋፋ ሙያ ነው።

አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለውኃ ጉድጓድ ማስቆፈሪያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ዐውደ ርዕይ ሊያዘጋጅ አስቦ ሥራውን ለእነርሱ ሰጥቷል። ዕቅዱ እንዲህ ነው፤ ጎብኚው ጨለም ባለ አዳራሽ ሲራመድ ከእግሩ ሥር ደረቅ መሬት የሚሰነጠቅ ይመስላል፤ ወደ ጥግ ሲጠጋ የጠብታ ድምፅ ይሰማል፤ በመጨረሻው ግድግዳ ላይ ሰደቃ ሲሰጥ ብርሃን እንደ ውኃ ይፈሳል። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ሥራ ሰጪዎቹ ግን ሁለት ነገር ጨመሩ። አንደኛ፣ ከግድግዳው በስተኋላ ካሜራ ተደብቆ የጎብኚውን ፊት እያየ ማን እንዳዘነ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ወጣት ይሁን አዛውንት ይመዝግብ አሉ። ሁለተኛ፣ ብዙ የሰጠ ብዙ ብርሃን፣ ጥቂት የሰጠ ጥቂት ብርሃን ይፍሰስለት አሉ።

«አጎቴ፣ ገንዘቡ ለውኃ ነው። ካሜራው ማንንም አይነካም። ታዲያ ለምን ልቤ እምቢ አለኝ?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ የእርሱንም ሙያ አላጠናሁም። ይሁን እንጂ ጥያቄው የሙያ ብቻ ሳይሆን የአደብ ጥያቄ ነውና አብረን ልናስብበት ይገባል ብዬ ብዕሬን አነሳሁ።

በመጀመሪያ ሰውን አይቶ መልስ የሚሰጥ ቤት የዛሬ ፈጠራ አለመሆኑን እንወቅ። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ሄሮን የተባለ መሐንዲስ ስለ አንድ የጣዖት ቤተ መቅደስ በር ጽፏል። በመሠዊያው ላይ እሳት ሲነድ ከሥሩ የተዘጋው አየር ይሞቃል፤ አየሩ ውኃ ገፍቶ በገመድ ወደ ተንጠለጠለ ዕቃ ያስገባል፤ ዕቃው ሲከብድ ገመዱን ይስባል፤ በሩም ይከፈታል። እሳቱ ሲጠፋ በሩ ተመልሶ ይዘጋል። ገመዱና ውኃው ከመሬት በታች ስለሆነ በውጭ የቆመው ሕዝብ የሚያየው እሳቱንና በሩን ብቻ ነው። የብልሃቱ ዋጋ በመደበቁ ላይ ነበር።

አሁን ከዚህ ጋር ሌላ ሥራ እናነጻጽር። እ.ኤ.አ. በ1206 መጽሐፉን ያጠናቀቀውና በዲያር በክር በአርቱቂዎች ቤተ መንግሥት ያገለገለው ኢስማዒል አል-ጀዘሪ ስለ ብዙ መሣሪያዎች ጽፏል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ የተሠሩት ለውዱእ ነበር። ንጉሡ አገልጋይ በእጁ ላይ ውኃ እንዲያፈስለት ስለማይወድ ይህን የሚተካ ነገር እንዲሠራለት እንደጠየቀው አል-ጀዘሪ ራሱ ይናገራል። በጣዎስ አምሳል የተሠራው መታጠቢያ በተለይ ይደንቃል። ታጣቢው በጣዎሱ ጅራት ላይ ያለውን መሰኪያ ሲስብ ውኃ ከአፉ ይወርዳል። የታጠበበት ውኃ ከታች ሲጠራቀም ተንሳፋፊ ዕቃ ወደ ላይ ይነሳል፤ በዚያን ጊዜ ትንሽ በር ተከፍቶ የአገልጋይ ምስል ሳሙና ይዞ ይወጣል። ውኃው ሲጨምር ሁለተኛ ምስል ፎጣ ይዞ ይመጣል።

የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው? ሁለቱም ያስደንቃሉ፤ የሁለቱም ሆድ ዕቃ ተሸፍኗል። ነገር ግን የእስክንድርያው በር ሰውን ለማስደንገጥ ራሱን ከሰው ይሰውራል። የዲያር በክሩ መታጠቢያ የሚጀምረው ሰውየው በገዛ እጁ መሰኪያውን ሲስብ ነው፤ ከዚያም የሚያስፈልገውን በየተራ ያቀርብለታል። አንደኛው ሰውን በታች ያቆመዋል፤ ሁለተኛው ያገለግለዋል። ዛሬም በየአዳራሹ የሚሠራው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የአንዱ ዘር ነው ብዬ አምናለሁ።

ኮምፒዩተርን ከስክሪን ለማውጣት በዘመናችን ፈር ከቀደዱት ሰዎች አንዱ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ማርክ ዋይዘር ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1991 ሳይንቲፊክ አሜሪካን በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ኮምፒዩተር ሰውን በአንድ መስኮት ፊት ማስቀመጡን ትቶ በቤቱ ዕቃዎች ውስጥ ሊሰወር እንደሚገባው አስረዳ። ምኞቱ በጎ ነበር፤ ሰው ቀና ብሎ ሰውን እንዲያይ ፈልጎ ነው። ዛሬ በየታክሲው፣ በየሰርጉ ቤትና በየማዕዱ አንገቱን ደፍቶ ስልክ የሚነካካውን ትውልድ ለምናይ ለእኛ ይህ ምኞት ይገባናል።

በዚያ ዘመን የተሠሩት ነገሮችም ቀላልና ግልጽ ነበሩ። ናታሊ ጀረሚጀንኮ የተባለች የሥነ ጥበብ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያው ማዕከል ጣሪያ ላይ ከትንሽ ሞተር የፕላስቲክ ገመድ አንጠለጠለች። በኮምፒዩተሮቹ መስመር ብዙ መልእክት ሲተላለፍ ገመዱ በኃይል ይሽከረከራል፤ ጸጥ ሲል አልፎ አልፎ ብቻ ንቅንቅ ይላል። ሠራተኛው ቀና ብሎ አይቶ ያውቃል። በለንደን ደግሞ ዱረል ቢሾፕ የተባለ የጥበብ ኮሌጅ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 የስልክ መልእክት መቀበያ ዐሰበ። አንድ መልእክት ሲመጣ አንዲት ብይ ከመሣሪያው ትወጣለች። ብይዋን በጎድጓዳው ላይ ሲያስቀምጧት መልእክቱ ይነገራል፤ በስልኩ ላይ ሲያስቀምጧት መልሶ ይደውላል። ብይ የተጫወተ ልጅ ሁሉ የሚገባው ነገር ነው። እናቴም ይገባታል።

ነገር ግን ዋይዘር በዚያው ጽሑፉ አንድ ማስጠንቀቂያ አልዘነጋም። በየክፍሉ ተሰውረው በአጠገባቸው ያለውን ሰው የሚያውቁ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች በክፉ መንግሥት ወይም በስግብግብ ነጋዴ እጅ ቢገቡ ከዚያ ቀደም የታየው ጭቆና ሁሉ ቀላል እንደሚመስል አሳስቧል። ዕቃ ከዓይን ሲሰወር ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ሸክሙ ይቀልልናል፣ ወይ ተጠያቂው ይጠፋብናል።

እንግዲህ ወደ ወጣቱ ጥያቄዎች እንመለስ። ከሁለተኛው እንጀምር፤ ክፍል ሰውን በጎ ሥራ ሊያሠራው ይገባልን?

እ.ኤ.አ. በ2009 በስቶክሆልም ኦደንፕላን በተባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ደረጃው እንደ ፒያኖ ተደርጎ ተሠራ። እያንዳንዱ እርከን ሲረገጥ ድምፅ ይሰጣል። ከጎኑ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ነበር። ሥራውን ያሠራው ቮልስዋገን ባሳየው ፊልም እንደተገለጸው በእግሩ የወጣው ሰው ከተለመደው በ66 በመቶ በልጧል። ሰውን በእግሩ እንዲሄድ ያበረታታው የመኪና ፋብሪካ መሆኑ ፈገግ ያሰኛል፤ ማስታወቂያ ነበርና።

ታዲያ ደረጃውን በዜማው ተስቦ የወጣው ሰው መልካም አደረገ እንበልን? እግሩ ተጠቅሟል፤ ማንም አላታለለውም። ማን እንደረገጠው ደረጃው አያውቅም፤ መረገጡን ብቻ ያውቃል። በዚህ ነውር አላይም። ሆኖም እኛ ሥራ በኒያ እንደሚመዘን ከልጅነታችን የተማርን ሰዎች ነን። ዜማው ሲቆም የሚቆም ሥራ ከዜማው እንጂ ከሰውየው አልመነጨም። ደረጃ መውጣት ከሆነ ግድ የለም። ሰደቃ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ለሚሰጠው ሰው ሰደቃ የገንዘብ ዝውውር ብቻ አይደለም።

ብዙ ለሰጠ ብዙ ብርሃን ይፍሰስ ሲባል ክፍሉ ሰውን ምን እያስተማረው ነው? «ስጥ» ሳይሆን «ታይ» እያለው ነው። ሰደቃን በግልጽ መስጠት መልካም መሆኑን፣ ደብቆ ለድሃ መስጠት ደግሞ የተሻለ መሆኑን ቁርኣን አስተምሮናል። በአዳራሹ ውስጥ መቶ ብር ብቻ ያላት እናት በመቶ ሺህ ብሩ ሰውዬ ጎርፍ አጠገብ የእርሷ ጠብታ ሲንጠባጠብ አይታ በቧንቧው ፊት እንደቆመችው እንደ እናቴ ታፍራለች። በአላህ ዘንድ የማን ስጦታ እንደሚከብድ ግድግዳው በምን ያውቃል?

የመጀመሪያው ጥያቄ የካሜራው ነው። ይህ ከሁለተኛው ይከብዳል፤ ምሳሌዎቹም ሩቅ አይደሉም። በለንደን ሲቲ በሚባለው ቀበሌ ማስታወቂያ የሚያሳዩ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በአጠገባቸው የሚያልፈውን ሰው የስልክ መለያ ቁጥር እየለቀሙ ሲከታተሉ ተገኙ፤ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2013 ነገሩ ሲታወቅ የቀበሌው አስተዳደር እንዲቆም ጠየቀ። በካናዳም ካዲላክ ፌርቪው የተባለ ኩባንያ በ12 የገበያ አዳራሾቹ ውስጥ ለእንግዳ አቅጣጫ የሚያሳዩ መቆሚያዎች ነበሩት። ሰው «የጫማ መደብሩ በየት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ በውስጡ የተሰወረ ካሜራ ፊቱን እያየ ዕድሜውንና ፆታውን ይገምት ነበር። የአገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ ኮሚሽነሮች እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 ባወጡት ሪፖርት የ5 ሚሊዮን ያህል ፊቶች መረጃ መሰብሰቡንና ሸማቾቹ በቂ ፈቃድ አለመስጠታቸውን ገልጸዋል።

ልብ በሉ! መንገድ የጠፋው ሰው መንገድ ጠየቀ፤ የጠየቀው ግን ፊቱን ወሰደበት። አባቶቻችን «ግድግዳም ጆሮ አለው» ሲሉ ሰው ምላሱን እንዲጠብቅ ለማስጠንቀቅ ነበር። ዛሬ ግድግዳው ዓይንም አበጀ። ጥንቃቄውንም ሙሉ በሙሉ በእንግዳው ላይ ጥለን ባለቤቱን በነፃ ለቀነዋል።

«ዓላማው በጎ ከሆነስ?» ይባል ይሆናል። ለዚህ ስለ ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) የሚተረከውን ማስታወስ ይበቃል። ሌሊት ከተማውን ሲቃኙ በአንድ ቤት ውስጥ ጥፋት ጠርጥረው አጥር ዘለው ገቡ፤ ሰውየውንም በመጠጥ ላይ አገኙት። ሰውየው ግን እኔ አንድ ባጠፋ እርስዎ ሦስት አጥፍተዋል አላቸው፤ ሰልለዋል፣ በበሩ አልገቡም፣ ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ ገብተዋል። ዑመርም እውነቱን ተቀብለው ወጡ ይባላል። የገቡበት ዓላማ ከእርሳቸው የበለጠ በጎ ዓላማ ያለው ማን ነው? ቢሆንም በጎ ዓላማቸው የፈቃድን በር አልተካላቸውም። ሱረቱ-ኑር ሳያስፈቅዱ ወደ ሰው ቤት መግባትን፣ ሱረቱል-ሑጁራትም መሰለልን ሲከለክሉ «ለመልካም ነገር ከሆነ ግን ይቻላል» የሚል ቀዳዳ አላበጁም።

«በአዳራሹ ውስጥ እኮ የገባው እንግዳው ነው፤ ቤቱ የእኛ ነው» የሚል መልስ ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ሰው እግሩን ይዞ ወደ ቤታችን ሲገባ እኛም በካሜራው ወደ እርሱ ፊት፣ በፊቱም ወደ ሐዘኑ እየገባን ነው። የሰው ሐዘን የግል ጓዳው ነው። እንግዳን ተቀብሎ ጓዳውን መበርበር በየትኛው አገር ባህል መስተንግዶ ተባለ?

በሌላ በኩል ሙያውን ያለ አግባብ መክሰስ አልሻም። ራሱ የሚከፈተው በር በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ወንድማችን ራሕመት ነው። ያ እናቴን ያሳፈራት ቧንቧ እንኳ ማንም ሳይነካው ይዘጋል፤ ውኃ ይቆጥባል፤ የእጅ ቆሻሻ ከሰው ወደ ሰው እንዳይተላለፍ ይረዳል። የእህቴ ልጅም ያለኝ እውነት አለው፤ «አጎቴ፣ ሁሉንም ነገር በር ላይ ከጻፍነው ድንቁ ይጠፋል፤ ሰውም ማስታወቂያ ማንበብ ሰልችቶታል» ብሎኛል። ልክ ነው። የጣዎሱ መታጠቢያም ሳሙናው በድንገት ሲወጣ ነው ደስ የሚለው።

ሆኖም ድንቅና ተንኮል አይምታቱብን። ወለሉ ሲረገጥ መሬት የሚሰነጠቅ መስሎ መታየቱ ድንቅ ነው፤ የረገጠው ሰው ወዲያው ያየዋል፤ የእርሱ እግር እንዳደረገው ይገባዋል፤ ካልወደደ ወደ ጎን ይላል። ካሜራው ግን ሲሠራም ሲተውም ለእንግዳው ምንም አይታየውም። መልሱ የሚሄደው ወደ እርሱ ሳይሆን ወደ ሌላ ሰው ነው። ወለሉ «አንድ ሰው መጣ» ይላል፤ ካሜራው «እገሌ መጣ፣ እንዲህም ሆነ» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአስተናጋጅና በሰላይ መካከል ያለው ርቀት ነው።

በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሕግ መኖሩ ያስመሰግናል። ይሁን እንጂ አዳራሹን የሚሠራው ወጣት ሌሊት ብቻውን ሽቦ ሲዘረጋ ሕግ አስከባሪ ከጎኑ አይቆምም። ከጎኑ ያለው አማናው ብቻ ነው። ወደ አዳራሹ የሚገባው ሰው ከግድግዳው በስተኋላ ያለውን ማየት ስለማይችል ራሱን ለሠሪው አደራ ሰጥቶ ነው የሚገባው።

ለእህቴ ልጅ እንዲህ አልኩት፤ «ሥራውን ስትጨርስ አያትህን አምጣት። በር ላይ አቁመህ ይህ ክፍል ምን እንደሚያደርግ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገራት። <እማማ፣ ስትረግጪው ወለሉ ይበራል፤ ስትጠጊው ግድግዳው የውኃ ድምፅ ያሰማል> ብትላት ትስቃለች፤ ትገባለችም። <እማማ፣ ከኋላ ሆነን ስታለቅሺ ፊትሽን እናነሳለን> ልትላት ትችላለህን? ልትነግራት የምታፍርበትን አታድርገው። እምቢ ካለችም የምታልፍበት ሌላ በር ይኑራት።»

ዝም ብሎ ቆየና «ይህንኑ ለሥራ ሰጪዎቹ እነግራለሁ» አለኝ።

ነገራቸው። ካሜራውን ለማስቀረት ተስማምተዋል፤ በምትኩ ወለሉ የእርምጃ ብዛት ብቻ ይቆጥራል። የብርሃኑ ነገር ግን እስከ አሁን አላለቀም። እርሱ ለሁሉም ሰጪ እኩል ጠብታ ይውረድ ይላል፤ እነርሱ እንዲህ ከሆነ ባለ ሀብቱ አይበረታታም ይላሉ። ሥራውን ሊነጥቁት ይችላሉ። ለአንድ ገና ቤት ኪራይ መክፈል ለጀመረ ወጣት ይህ ቀላል አይደለም። በዚህ አቋሙ አላህ ያጽናው፤ የተሻለውንም ይተካለት።

እናቴን በተመለከተ፣ ዛሬ እጀታ የሌለው ቧንቧ ስታይ እጇን ወዴት እንደምታደርግ ታውቃለች። ባለፈው በአንድ ሆቴል ግራ የገባት ሌላ ሴት አይታ እጇን ይዛ አሳየቻት። ስትነግረኝ ደስ ብሏት ነበር። ቧንቧው ያላደረገውን መስተንግዶ ሁለት እናቶች ተደራርገው ተወጡት። የሚመጣውን ዘመን ክፍሎች የሚሠሩ ልጆቻችን ከዚህ ቢጀምሩ መልካም ነው፤ ቤት ከእንግዳው ብዙ ከማወቁ በፊት ራሱን ለእንግዳው ያስተዋውቅ።

ወላሁ አዕለም።